ከፖቶማክ እስከ ቫንዳሊያ፦ በአሮጌው ብሔራዊ መንገድ የተደረገ ጉዞ ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ አሜሪካ ገና ወጣት ሪፐብሊክ ሳለች ወደ ምዕራብ የሰፋችበትን መስመር በመኪና መከተል ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። መነሻው ዋሽንግተን ዲሲ፣ መድረሻው በኢሊኖይ የምትገኘው ትንሿ ቫንዳሊያ ናት። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው ወገናችን ብዙ በመሆኑ፣ ለብዙ አንባቢ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከደጁ ይጀምራል። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱን በዚህ ቅደም ተከተል የመረጥነው በምክንያት ነው። ምዕራቡን ከአዲሱ መንግሥት ጋር ያስተሳሰረው ጦር ብቻ አልነበረም፤ የድንጋይ መንገድና የመሬት መለኪያ ሰንሰለትም ነበሩ። መንገዱን ማን ይሥራ? መሬቱ ከማን ተወስዶ ለማን በስንት ይሸጥ? በዚያ ዘመን ፓርቲዎችን የከፈሉትና ሕገ መንግሥቱን የፈተኑት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። በየቀኑ የምንቆምባቸው ቦታዎችም አንድ በአንድ የዚያ ክርክር ምስክሮች ናቸው።

ለጉዞው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ይመረጣል። በክረምት የአለጌኒ ተራሮች አናት በጉምና በበረዶ ይዘጋል። ትንንሾቹ ሙዚየሞች በሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት የሚዘጉ ስለሆኑ አስቀድሞ መደወል ግድ ነው። ጾም የያዘ ሰው ደግሞ ስንቁን ከዲሲ ይቋጥር፤ ከኮለምበስ በፊት ባሉት ከተሞች የጾም ምግብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ቀን 1፦ ከዋሽንግተን እስከ ከምበርላንድ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጥተን በቨርጂኒያ በኩል ወዳለው ግሬት ፎልስ ፓርክ አመራን፤ 15 ማይል ገደማ ነው። በሜሪላንድ በኩልም መግቢያ አለ። ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገው ግን የቨርጂኒያው ነው፤ የፖቶማክ ኩባንያ የቆፈረው ቦይ ፍርስራሽ ያለው እዚያ ነውና። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1784 መኸር ወደ ምዕራብ 680 ማይል በፈረስ ተጉዞ ሲመለስ፣ ከተራራው ማዶ የሰፈሩት ሰዎች በሚዛን ምላስ ላይ እንደቆሙ፣ የላባ ንክኪ እንኳ ወደየትም ሊያዘነብላቸው እንደሚችል ለቨርጂኒያ ገዥ ጻፈ። የሚሲሲፒ አፍ በስፔን እጅ፣ ታላላቆቹ ሐይቆች በእንግሊዝ ተጽዕኖ ሥር ነበሩ። ንግድ በየትኛው በር ቢወጣ ታማኝነትም በዚያው እንደሚወጣ ገብቶታል።

ኩባንያው በ1785 ተቋቋመ። በፏፏቴው ዙሪያ ጀልባዎችን 76 ጫማ የሚያወርዱ አምስት ባለመዝጊያ የውሃ ክፍሎች እስኪያልቁ 17 ዓመት ፈጀ። የታችኞቹ ክፍሎች ጥቁር ባሩድ እየተቀበረ ከፈነዳ ዐለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ግድግዳው ዛሬም ይታያል። ሥራው ግሩም ነበር፤ ችግሩ ወንዙ ላይ ነው። ውሃው ሲጎድል ጀልባ አይሄድም፣ ሲሞላ ደግሞ ይገለብጣል፤ ስለዚህ መስመሩ የሚያገለግለው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። ኩባንያው ከሰረ። ይሁን እንጂ ወንዙን በጋራ ለማስተዳደር ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በመጋቢት 1785 በማውንት ቨርነን ያደረጉት ስብሰባ በ1786 የአናፖሊስን፣ በ1787 የፊላዴልፊያን ጉባኤ አስከትሏል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከዚህ ያልተሳካ ቦይ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው ማለት ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወደ ቡንስቦሮ ሄደን እስከ ሄገርስታውን ያለውን 10 ማይል በአሮጌው መንገድ ነዳን። በ1823 የተጠናቀቀው ይህ ቁራጭ በአሜሪካ በማካዳም ስልት የተሠራ የመጀመሪያው መንገድ ነው። ስልቱ ቀላል ይመስላል፤ ድንጋዩ በ2 ኢንች ቀለበት እስኪያልፍ ወይም ከ6 አውንስ እስከማይበልጥ ድረስ በመዶሻ ይፈረካከሳል፣ በንብርብር ይነጠፋል፣ በብረት መዳመጫ ይጠቀጠቃል። ሹል ጠርዞቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ውሃ የማያሳልፍ ጣሪያ ይሆናሉ። ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ከገባበት ግን ስለማይቆላለፍ ከሠረገላው ጎማ ሥር እየተንሸራተተ ይበተናል።

በኢንተርስቴት 68 ላይ ሳይድሊንግ ሂል ሲደርሱ ተራራው 340 ጫማ ጥልቀት ተቆርጦ የድንጋዩ ንብርብር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ታጥፎ ይታያል። መኪና ማቆሚያ አለው። የያኔዎቹ መንገድ ሠሪዎች ምን ዓይነት ተራራ እንደገጠማቸው ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ማደሪያ ከምበርላንድ።

ቀን 2፦ ከከምበርላንድ እስከ ዩኒየንታውን

ዋናው ብሔራዊ መንገድ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዛሬ የስልኩን ካርታ «አውራ ጎዳና አስወግድ» በሚለው ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በኢንተርስቴት 68 ይወስድና የመጣንበትን ሁሉ ያሳልፈናል። መከተል ያለብን ተለዋጭ አውራ ጎዳና 40ን ነው፤ ከኪሰርስ ሪጅ በኋላ ደግሞ አውራ ጎዳና 40ን።

መንገዱ እንዲሠራ ያዘዘውን ሕግ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን የፈረመው በመጋቢት 29 ቀን 1806 ነው። መንገዱ 4 ሮድ ማለትም 66 ጫማ ስፋት ይመነጠራል፤ ዳገቱ ከ5 ዲግሪ አይበልጥም፤ መሐሉ በድንጋይ ከፍ ይላል። አምስት ዲግሪ ማለት በየ100 ጫማው ከ9 ጫማ ትንሽ ያነሰ ከፍታ ነው። ጫና የተሸከመ ባለስድስት ፈረስ ሠረገላ ሊወጣው የሚችለው ወሰን ይህ ነበር። በውሉ መሠረት የታችኛው ድንጋይ በ7 ኢንች፣ የላይኛው በ3 ኢንች ቀለበት ማለፍ ነበረበት።

ገንዘቡ ከየት መጣ? በ1802 ኦሃዮ ስቴት እንድትሆን የፈቀደው ሕግ፣ በዚያ ከሚሸጠው የመንግሥት መሬት ገቢ 5 በመቶው ለመንገድ እንዲውል ወስኖ ነበር፤ በምላሹ ኦሃዮ የተሸጠውን መሬት ለ5 ዓመት ቀረጥ አትጥልበትም። ስሌቱ የገንዘብ ሚኒስትሩ የአልበርት ጋላቲን ነው። ጄፈርሰን የፌደራል መንግሥት መንገድ የመሥራት ሥልጣን አለው ወይ በሚለው ስለሚጨነቅ የሜሪላንድ፣ የፔንሲልቬንያና የቨርጂኒያ ፈቃድ ተጠየቀ። ፔንሲልቬንያ መንገዱ በዩኒየንታውንና በዋሽንግተን ከተሞቿ ካላለፈ አልፈቅድም ብላ መስመሩን አስጠመዘዘች። ዛሬ ካርታው ላይ ያለው መታጠፍ የዚያ ድርድር ውጤት ነው።

ከከምበርላንድ ጥቂት ማይል ወጣ ብሎ ላቬል ላይ የመንገድ ክፍያ ይሰበሰብበት የነበረ የ1830ዎቹ የኬላ ቤት አለ። ኬላው ራሱ የአንድ ትልቅ ክርክር ፍጻሜ ነው። የመንገዱ ሥራ በ1811 ተጀምሮ በ1818 በኦሃዮ ወንዝ ዳር ካለችው ዊሊንግ ሲደርስ በማይል 13,000 ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነበር፤ ለጥገና ግን ሳንቲም አልተመደበም። ነጂዎች ቁልቁለት ላይ ጎማቸውን በሰንሰለት ቆልፈው ስለሚጎትቱ ንጣፉ ይገፈፋል። የጎን ቦዩ በቅጠል ሲደፈን ውሃው መሐል ለመሐል ይፈሳል፣ ድንጋዩም ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ኮንግረስ በ1822 ኬላ ተክለን በሚሰበሰበው እንጠግን ሲል ፕሬዚዳንት ሞንሮ ሕገ መንግሥቱ ይህን ሥልጣን አልሰጠም ብሎ በግንቦት 4 ውድቅ አደረገው። በኋላ መንገዱ በ1830ዎቹ እየታደሰ ለየስቴቶቹ ተላለፈ፤ ኬላውንም እነሱ ተከሉ። ኮንግረስ ይሠራል፣ ስቴት ያስከፍላል የሚለው መፍትሔ ያማረ አይደለም፤ ግን ሁለቱንም ወገን ያኖረ ነበር።

ግራንትስቪል አጠገብ የካስልማን ድልድይ ይጠብቃል፤ በ1813 የተሠራ፣ 80 ጫማ የሚዘረጋ አንድ ቅስት። በጊዜው በአገሪቱ ከነበሩት የዚህ ዓይነት ድልድዮች ሁሉ ትልቁ ነበር። አሁን በእግር ብቻ ይታለፋል። ከላይ ከማየት ይልቅ ወደ ወንዙ ወርዶ ከሥር ማየት ይሻላል፤ ድንጋዮቹ ክብደታቸውን ወደ ጎን እየገፉ ወደ ሁለቱ ዳርቻዎች እንዴት እንደሚያስተላልፉ ከዚያ ይገባል። በመንገዱ ዳር ወደ ከምበርላንድና ወደ ዊሊንግ ያለውን ርቀት የሚናገሩ የብረት ምልክቶችም እዚህም እዚያም ይታያሉ፤ በዝግታ ካልነዱ ያመልጣሉ።

ፔንሲልቬንያ ከተገባ በኋላ ፎርት ኔሰሲቲ አለ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ወጣቱ ዋሽንግተን በ1754 ለፈረንሳዮች እጁን የሰጠበት ክብ ምሽግ እንደገና ተሠርቶ ቆሟል። ለዚህ ጉዞ ይበልጥ የሚጠቅመው ከጎኑ ያለው የማውንት ዋሽንግተን ማደሪያ ቤት ነው፤ የፖስታ ሠረገላ ተሳፋሪዎች የሚበሉበትና የሚተኙበት ነበር። ከዚህ እስከ ዩኒየንታውን ያለው የቼስትነት ሪጅ ቁልቁለት ረጅምና ተዳፋት ስለሆነ መኪናውን ዝቅተኛ ማርሽ ላይ አድርጎ መውረድ ያስፈልጋል። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ሰዎች ታች ሲደርሱ ፍሬናቸው ግሎ ይሸታል።

ቀን 3፦ የጋላቲን ቤትና የዊስኪው አመፅ

ጠዋት ከሞኖንጋሂላ ወንዝ በላይ ወደተሠራው ፍሬንድሺፕ ሂል፣ ወደ ጋላቲን ቤት። ይህም ነጻ ነው። ጋላቲን በ1761 በጄኔቫ የተወለደ ስደተኛ ነው። በ1793 ለሴኔት ተመርጦ ሳለ ዜግነት ካገኘህ 9 ዓመት አልሞላህም ተብሎ በ1794 መጀመሪያ ተባረረ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1801፣ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ተመለሰ። በ1808 ለአገሪቱ መንገዶችና ቦዮች 20 ሚሊዮን ዶላር የሚጠይቅ ዕቅድ ለሴኔት አቀረበ፤ ሩቅ ያየ ሰው ነበር። በስደት የመጣን ሰው መጤ ብሎ ያሳጣው ወገን ሲወድቅ ያው ሰው የአገሪቱን ካዝና መያዙ፣ ጄፈርሰን ያሸነፈበት የ1800 ምርጫ ምን ያህል ለውጥ እንደነበር ይናገራል።

ተመልሶ ወደ ብራውንስቪል ሲኬድ የሲራይት ኬላ ቤት በመንገድ ዳር ቆሟል። ለ20 በግ 6 ሳንቲም፣ ለ20 ከብት 12 ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ የከብት ኮቴ ይበልጥ ይቆፍራልና። ጎማው ሰፊ የሆነ ሠረገላ ከጠባቡ ያነሰ ይከፍላል፤ ሰፊ ጎማ ንጣፉን ይጠቀጥቃል፣ ጠባብ ጎማ ይቀድደዋል። ቀረጡ በጉዳቱ ልክ የተሰፈረ ነው።

ብራውንስቪል ውስጥ በ1839 የተጠናቀቀው የደንላፕ ክሪክ ድልድይ አለ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ከቀለጠ ብረት የተሠራ ቅስት ድልድይ ነው። መኪና አቁሞ ወርዶ ማየት እንጂ እየነዱ አያዩትም።

ማታ የደረስንባት ዋሽንግተን፣ ፔንሲልቬንያ የ1794ቱን አመፅ ለመረዳት የምትመች ናት። በዚህ አካባቢ ገበሬው አጃውን ወደ ምሥራቅ መሸጥ አይችልም ነበር። አንድ የጭነት ፈረስ ተራራውን አቋርጦ የሚሸከመው 4 ቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) እህል ብቻ ነው። እህሉ ዊስኪ ሆኖ በሁለት በርሜል ሲጫን ግን ያው ፈረስ የ24 ቡሼል አጃ ዋጋ ይሸከማል። ስለዚህ ዊስኪ እዚህ መጠጥ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር። የዋሽንግተን የገንዘብ ሚኒስትር ሀሚልተን በ1791 በዊስኪ ላይ ቀረጥ ሲጥል የምሥራቁ ትልቅ ጠማቂ ቀረጡን በዋጋው ውስጥ ያካክሳል፤ የተራራው ገበሬ ግን ጥሬ ገንዘብ በማይታይበት አገር በጥሬ ገንዘብ ክፈል ተባለ። የተከሰሰም ከ300 ማይል በላይ ተጉዞ ፊላዴልፊያ መቅረብ ነበረበት።

በሐምሌ 1794 የቀረጥ ኃላፊው የጆን ኔቪል ቤት ተቃጠለ። ዋሽንግተን 13,000 የሚጠጋ ሚሊሻ አዘመተ፤ ራሱም ከምበርላንድ ድረስ መጥቶ ጦሩን ጎበኘ። ውጊያ አልነበረም፤ አመፁ ተበተነ። በአገር ክህደት የተፈረደባቸውን ሁለት ሰዎች ዋሽንግተን ማራቸው። የአመፁ መሪ ዴቪድ ብራድፎርድ ወደ ስፔን ሉዊዚያና ሸሸ፤ በ1788 የሠራው ቤት ዋናው መንገድ ላይ ሙዚየም ሆኗል። በአመፁ ጊዜ ገበሬውን ተረጋጋ ሲል የነበረው ጋላቲን በሚኒስትርነቱ ዘመን፣ በ1802፣ ቀረጡ ተሰረዘ። ጦሩ መንግሥት እንዳለ አሳየ፤ ምርጫው ደግሞ መንግሥት እንደሚለወጥ አሳየ። ለምዕራቡ ሰው ሁለተኛው ትምህርት የበለጠ ዋጋ ነበረው።

ቀን 4፦ ሰንሰለቱ የተዘረጋበት ቦታ

ዛሬ ከብሔራዊ መንገድ ወጥተን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢስት ሊቨርፑል ሄድን። በኦሃዮና በፔንሲልቬንያ ድንበር ላይ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ የድንጋይ ምልክት ቆሟል። የመንግሥት መሬት ቅየሳ የተጀመረበት ትክክለኛው ነጥብ ከዚያ 1,112 ጫማ በስተደቡብ በወንዙ በኩል ስለሆነ አይታይም። መኪና ማቆሚያው ጠባብ፣ የጭነት መኪናም የሚበዛበት ነው፤ ከጠመዝማዛው ሲወጡ መጠንቀቅ ያሻል። ቦታው አያምርም፤ ቢሆንም በዚህ ጉዞ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ነገር የጀመረበት ስፍራ የለም።

የመንግሥት ቀያሹ ቶማስ ሀቺንስ በመስከረም 30 ቀን 1785 ሰንሰለቱን ከዚህ ወደ ምዕራብ ዘረጋ። የመለኪያው ሰንሰለት 66 ጫማ ርዝመትና 100 ቀለበት አለው። ሰማንያ ሰንሰለት አንድ ማይል፣ አሥር ካሬ ሰንሰለት አንድ ኤከር ነው። ታውንሺፕ የሚባለው 6 ማይል በ6 ማይል ሆኖ በ36 ክፍል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 640 ኤከር ነው። ከየታውንሺፑ 16ኛው ክፍል ለትምህርት ቤት ይቀመጣል። አንድ ቀያሽ ሊቅ ባይሆንም በሰንሰለት፣ በኮምፓስና በሁለት ሰንሰለት ጎታቾች አገር መሸንሸን ይችላል፤ የሥርዓቱ ጉልበት ይህ ነው።

የሚበላሸውም በዚያው ነው። ሰንሰለቱ ዳገት ላይ አግድም ካልተያዘ የተዳፋቱን ርዝመት ይለካና መሬቱን ያጣምማል። የቀለበቶቹ መጋጠሚያ በመፋተግ ሲሳሳ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ አንዷ ሰንሰለት ጥቂት ብትረዝም በማይሉ 80 ጊዜ ትባዛለች። ኮምፓስ ወደ መግነጢስ ሰሜን እንጂ ወደ እውነተኛው ሰሜን አያመለክትም፤ ልዩነቱን በኮከብ ያላረመ ቀያሽ መስመሩ ቀስ በቀስ ይሸሻል። በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ የተቀየሱት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ረድፎች ዛሬም በካርታ ላይ ጎባጣ ናቸው። ማዕዘን የሚታወቀው ደግሞ በአቅራቢያው ባሉ ቅርፊታቸው በተፈቀፈቀ ምስክር ዛፎች ነበር፤ ዛፉ ሲቆረጥ ክስ ይመጣል።

ሀቺንስ ራሱ አራት ማይል ያህል ከለካ በኋላ ሥራውን አቋርጦ ተመለሰ። መሬቱ የሌናፔ፣ የሾኒና የሌሎችም ሕዝቦች ነበርና የሚቃወሙት ሰዎች እንዳሉ ሰምቶ ነው። ቀጣዩን ዓመት ወታደር ይዞ መጣ፤ ከወንዙ ዝቅ ብሎ በስቱበንቪል ያለው ፎርት ስቱበን ለቀያሾቹ ጥበቃ የተሠራ ነው። አሁን ያለው በጥንቱ ቦታ ላይ እንደገና የተገነባ ሲሆን፣ ከጎኑ የ1801 የመሬት ሽያጭ ጽሕፈት ቤት የእንጨት ጎጆ አለ።

እዚያች ጎጆ ውስጥ ቆሞ ሒሳቡን ማስላት ይገባል። በ1785ቱ የመሬት ሕግ ትንሹ ግዢ 640 ኤከር፣ ዋጋው በኤከር 1 ዶላር ነበር፤ በ1796 ዋጋው 2 ዶላር ሆነ። 1,280 ዶላር የሚያወጣ ገበሬ አልነበረም፤ መሬቱን የሚገዛው ደላላና ነጋዴ ሆነ። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን የቴሪቶሪው (ገና ስቴት ያልሆነው የምዕራብ ግዛት) ተወካይ ሆኖ በ1800 ያስወጣው ሕግ ትንሹን ግዢ ወደ 320 ኤከር አወረደ፤ ሩቡ መጀመሪያ፣ ቀሪው በ4 ዓመት ውስጥ ከ6 በመቶ ወለድ ጋር ይከፈላል። ሰው ጎረፈ። ብድሩም ጎረፈ። በ1819 ባንኮች ሲወድቁና የእህል ዋጋ ሲሰበር ገዢዎች ለመንግሥት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነበረባቸው። በ1820 ብድሩ ቀርቶ 80 ኤከር በኤከር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም በጥሬ ገንዘብ ሆነ፤ 100 ዶላር ያለው ሰው እርሻ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ምዕራቡ በባንኮች ላይ የያዘው ቂም አንድሩ ጃክሰንን ወደ ሥልጣን ካመጡት ነገሮች አንዱ ነው።

ማደሪያ ዊሊንግ።

ቀን 5፦ ከዊሊንግ እስከ ማሪየታ

የዊሊንግ ተንጠልጣይ ድልድይ በ1849 ሲከፈት 1,010 ጫማ ርዝመቱ ከዓለም አንደኛ ነበር። ከ2019 ጀምሮ ለመኪና ዝግ ነው።

በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ሲኬድ ከኦልድ ዋሽንግተን መንደር በስተምሥራቅ እንደ እባብ የተጠማዘዘ የድንጋይ ድልድይ አለ። መንገዱ ወንዙን በሰያፍ ነው የሚያገኘው፤ ሰያፍ ቅስት ለመገንባት እያንዳንዱን ድንጋይ በተለየ ማዕዘን መጥረብ ይጠይቃል። ርካሹ መፍትሔ ቅስቱን ከወንዙ ጋር ቀጥ አድርጎ ሠርቶ መንገዱን በሁለቱም ጫፍ ማጠማዘዝ ነበር። ለፈረስ ፍጥነት አያስቸግርም፤ መኪና ሲመጣ ግን አደገኛ ሆነ።

ከኬምብሪጅ በኢንተርስቴት 77 ወደ ደቡብ ታጥፎ ማሪየታ። ከተማዋ በሚያዝያ 7 ቀን 1788 በሩፈስ ፑትናም መሪነት የተቆረቆረች ናት። ካምፐስ ማርሺየስ ሙዚየም የፑትናምን ቤት እንዳለ በውስጡ ይዟል። እዚህ የሚነበበው ሰነድ የሐምሌ 13 ቀን 1787 የሰሜን ምዕራብ ድንጋጌ ነው። መጀመሪያ ገዥና ሦስት ዳኞች ከላይ ይሾማሉ፤ ነጻ የሆኑ አዋቂ ወንዶች 5,000 ሲደርሱ ምክር ቤት ይመርጣሉ፤ ሕዝቡ 60,000 ሲሞላ ከቀደሙት ጋር እኩል የሆነ ስቴት ይሆናል። ቅኝ ግዛትን ሳይሆን እኩያን የሚወልድ ሕግ ነው፤ በዘመኑ እንግዳ ሐሳብ ነበር። ባርነትን ከኦሃዮ ወንዝ ሰሜን ከለከለ። ለነባሮቹ ሕዝቦችም ቅን ልብ እንደሚታይ፣ መሬታቸው ካለፈቃዳቸው እንደማይወሰድ ቃል ገባ። ይህ ቃል ምን እንደሆነ በቀን 7 እናያለን።

ማታ በመቃብር ስፍራው መሐል ያለውን ጥንታዊ ጉብታ ወጥቶ ማየት ተገቢ ነው። 30 ጫማ ከፍታ ያለው ይህ የአፈር ጉብታ አሜሪካውያን ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሠራ ነው። በዙሪያው የአብዮቱ ጦር መኮንኖች ተቀብረዋል። ባዶ መሬት ነበር ለሚል ሰው ጉብታው መልስ ይሰጣል።

ቀን 6፦ ቺሊኮቲ

በአውራ ጎዳና 50 ወደ 100 ማይል ነው፤ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ነዳጅ አቴንስ ላይ መሙላት ይመከራል።

የቶማስ ዎርዚንግተን መኖሪያ አዲና በ1807 በቤንጃሚን ላትሮብ ንድፍ የተሠራ ነው። ዎርዚንግተንና ኤድዋርድ ቲፊን ሁለቱም ከቨርጂኒያ መጥተው እዚህ የሰፈሩ የጄፈርሰን ሰዎች ነበሩ። ተቃዋሚያቸው ገዥው አርተር ሴንት ክሌር፣ የጄፈርሰን ተቀናቃኝ የሆነው የፌዴራሊስት ፓርቲ ሰው፣ ቴሪቶሪው ስቴት መሆኑን ማዘግየት ይፈልግ ነበር፤ አዲሱ ስቴት ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ ያውቃልና። በኅዳር 1802 እዚህ በተሰበሰበው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ፊት ቆሞ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ዋጋ የለውም ብሎ ተናገረ፤ ጄፈርሰን ወዲያው ሻረው። ጉባኤው በገዥ ሥልጣን ስለተማረረ የኦሃዮን ገዥ ሕግ የመሻር መብት ነፈገው።

የመምረጥ መብቱ ግን ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነገር አለው። ቀረጥ የሚከፍል ነጭ ወንድ ይመርጣል፤ ቀረጥ ባይከፍልም በአካባቢው መንገድ ላይ እንዲሠራ ግዴታ ያለበት ነጭ ወንድ ይመርጣል። አካፋ የያዘ ድሃ ድምፅ አገኘ፤ በምሥራቅ ብዙ ስቴቶች ይህ አልነበረም። ጥቁር ወንዶችን በሚመለከት ጉባኤው መጀመሪያ ይምረጡ ብሎ ነበር፤ እንደገና ድምፅ ሲሰጥ 17 ለ17 ሆነ፣ ሰብሳቢው ቲፊን አይሆንም በሚለው ላይ ጣለው። በአንድ ሰው ድምፅ! በ1807 ደግሞ ወደ ኦሃዮ የሚገባ ጥቁር ሰው የ500 ዶላር ዋስትና እንዲያቀርብ ሕግ ወጣ። በዚያ ዘመን ይህ ከአንድ ሙሉ እርሻ ዋጋ በላይ ነው። ባርነት የሌለበት ስቴት ማለት ጥቁር ሰው በነጻነት የሚኖርበት ማለት አልነበረም፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቀን 7፦ ግሪንቪልና ፎርት ሪከቨሪ

ጠዋት ኮለምበስ። የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ስላለ ምሳ እዚህ መብላትና ለቀጣዩ ቀን ስንቅ መቋጠር ይቻላል። ከዚያ ወደ ምዕራብ 100 ማይል ገደማ ተጉዞ ግሪንቪል።

መጀመሪያ ግን ወደ ሰሜን ጥቂት አልፈን ፎርት ሪከቨሪ ሄድን። በኅዳር 4 ቀን 1791 ንጋት፣ የማያሚው መሪ ሊትል ተርትልና የሾኒው ብሉ ጃኬት የመሩት የሕዝቦች ኅብረት የሴንት ክሌርን ጦር እዚህ ደመሰሰ። ከ600 በላይ ወታደሮች ሞቱ፤ የአሜሪካ ጦር ከነባር ሕዝቦች ጋር ባደረገው ጦርነት ሁሉ ከዚህ የከፋ ሽንፈት የለም። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። ስንቅና ባሩድ ዘግይቶና ተበላሽቶ ደረሰ፤ ቅጥረኞቹ የስድስት ወር ውል ያላቸውና ያልሠለጠኑ ነበሩ፤ ሚሊሻው ከወንዙ ማዶ ተነጥሎ ሰፈረ፤ ማታ ምሽግ አልተቆፈረም። ኮንግረስ ጉዳዩን መረመረ፤ ይህም በአስፈጻሚው አካል ላይ ያደረገው የመጀመሪያው ምርመራ ነው። እዚህ ያለው ዋባሽ ወንዝ ትንሽ ጅረት ነው፤ ወንዝ የሚፈልግ ሰው አልፎት ይሄዳል።

ጄኔራል ዌይን ሁለት ዓመት አሠልጥኖ በነሐሴ 20 ቀን 1794 ፎለን ቲምበርስ ላይ አሸነፈ። የግሪንቪል ውል በነሐሴ 3 ቀን 1795 ተፈረመ፤ የጋርስት ሙዚየም በደንብ ያብራራዋል። አሥራ ሁለት ሕዝቦች የኦሃዮን ሁለት ሦስተኛ ያህል ለቀቁ። የተሰጣቸው 20,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃና በየዓመቱ 9,500 ዶላር ነው፤ ለሰባቱ ሕዝቦች 1,000 ለእያንዳንዳቸው፣ ለአምስቱ 500። በቀን 4 ካየነው ዋጋ ጋር ይነጻጸር፤ የአንድ ሕዝብ የዓመት ድርሻ፣ መንግሥት በ1796 ለአንድ ገዢ በሚሸጠው አንድ ክፍል መሬት ከሚያገኘው ያንሳል። የሾኒው ቴኩምሴ አልፈርምም አለ። የተሠመረውም መስመር አልተከበረም፤ ሃሪሰን የኢንዲያና ገዥ ሆኖ በ1809 በፎርት ዌይን ውል ሌላ ወደ 3 ሚሊዮን ኤከር ወሰደ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግሪንቪል ላይ ማሰብ የሚገባው ሁለት ተከታታይ ቀናት አሉ። በግንቦት 27 ቀን 1830 ጃክሰን የኬንታኪውን የሜይስቪል መንገድ በ150,000 ዶላር አክሲዮን የሚደግፈውን ሕግ፣ የፌደራል መንግሥት ሥልጣን አይደለም ብሎ ሻረ። በማግስቱ፣ በግንቦት 28፣ ነባሮቹን ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ማዶ የሚያሰፍረውንና 500,000 ዶላር የተመደበለትን ሕግ ፈረመ። መንገድ ለመሥራት ጠባብ የነበረው ሕገ መንግሥት ሕዝብ ለማፈናቀል ሰፊ ሆነ። ከነባሮቹ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ዋያንዶቶች የመጨረሻዎቹ ሆነው ኦሃዮን በሐምሌ 1843 ለቀቁ።

ቀን 8፦ እስከ ቫንዳሊያ

300 ማይል ገደማ፣ ረጅሙ የመንዳት ቀን ነው። በሪችመንድ በኩል ኢንዲያና ገብቶ አውራ ጎዳና 40ን ለጥቂት ማይል መከተል ይበቃል፤ ካምብሪጅ ሲቲ አጠገብ ያለው የሀድልስተን ቤት መንገደኞች ያድሩበት የነበረ የገበሬ ቤት ነው። ከዚያ በኢንተርስቴት 70 መፍጠን ይሻላል። ኢሊኖይ ሲገቡ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሙዚየም ከመዘጋቱ በፊት ለመድረስ ይጠቅማል።

የቫንዳሊያ የምክር ቤት ሕንፃ በ1836 የተሠራ ነው፤ ወጣቱ ሊንከን እዚህ ተሰብስቧል። ከተማዋ እስከ 1839 የኢሊኖይ ዋና ከተማ ነበረች። ስለዚህ ስቴት መታወስ ያለበት ግን የ1824ቱ ድምፅ ነው። የባርነት ወገን ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ ጉባኤ ይጠራ አለ። ገዥው ኤድዋርድ ኮልስ፣ በ1819 ከቨርጂኒያ ሲመጣ በኦሃዮ ወንዝ ላይ ባሮቹን ነጻ ያወጣ ሰው፣ ደመወዙን ሳይቀር ለቅስቀሳው አዋለ። በነሐሴ 1824 ጉባኤው ይጠራ ያሉት 4,972፣ አይጠራ ያሉት 6,640 ሆኑ። የ1787ቱ ድንጋጌ ክልከላ ብቻውን አልበቃም፤ መራጮች እንደገና ማጽናት ነበረባቸው።

መንገዱ እዚህ የቆመው ተራራ ወይም ወንዝ ገድቦት አይደለም። የኢሊኖይ ሰዎች ሚሲሲፒን በራሳቸው ከተማ በአልተን ይሻገር አሉ፤ የሚዙሪ ሰዎች በሴንት ሉዊስ አሉ፤ ስምምነት ጠፋ። ኮንግረስ የመጨረሻውን ዋና ገንዘብ የመደበው በ1838 ነው፤ በጠቅላላው 6.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። በኢሊኖይ ያለው ክፍል አብዛኛው ድንጋይ ሳይነጠፍበት አፈር ሆኖ ቀረ፤ በጸደይ ዝናብ ሠረገላ እስከ ወገቡ ይሰምጥ ነበር። የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር በ1842 ከምበርላንድ፣ በ1853 ዊሊንግ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ የረጅም ርቀት ጭነት ወደ ሐዲዱ ዞረ።

ከቫንዳሊያ ሴንት ሉዊስ 70 ማይል ያህል ነው። መኪና የተከራየ ሰው እዚያ መልሶ በአውሮፕላን ወደ ዲሲ መመለስ ይችላል፤ በኢንተርስቴት 70 ቀጥ ብሎ የሚመለስ ደግሞ ሁለት ቀን ይያዝ፣ በዛኔስቪል በኩልም ይለፍ። በቀን 5 ወደ ደቡብ ስለታጠፍን ያላየነው የኦሃዮ ቁራጭ፣ ኖርዊች መንደር ካለው የብሔራዊ መንገድ ሙዚየም ጋር፣ በዚያ በኩል ነው።